ከኋላችሁ የመጣውን አትግፉት

ልጆቼ፣ ዕድሜዬን የጨረስኩት በአሠሪና ሠራተኛ ክርክር ጠበቃነት ነው። አገር ለቃችሁ ለምትሠሩት፣ ዋሽንግተንም ሁኑ ዱባይ፣ የፖላንዶችን ታሪክ ልንገራችሁ።

በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ፖላንድ የምትባል አገር በካርታ ላይ አልነበረችም። ሩሲያ፣ ፕሩሲያና ኦስትሪያ ተከፋፍለዋታል። መሬት የጠበበው ገበሬ ባሕር ተሻግሮ አሜሪካ፣ ፔንሲልቬንያ ግዛት የድንጋይ ከሰል ጉድጓድ ገባ። በብዙ ቦታ ቤቱ የኩባንያው ነው፣ ዱቄት የሚገዛበት ሱቅም የኩባንያው ነው፤ ኪራዩና ዱቤው ከደመወዙ ሲቆረጥ የሚተርፈው ነገር እምብዛም ነው። ልጆቹ ደግሞ ጎንበስ ብለው ተቀምጠው፣ በእግራቸው ሥር ከሚንሸራተተው ከሰል መሀል ድንጋዩን በባዶ እጃቸው ሲለቅሙ ይውላሉ። ጣታቸው ያብጣል፣ ይሰነጠቃል፣ ይደማል።

ቀድመው የመጡት እንግሊዝኛ ተናጋሪ ቆፋሪዎችስ? ብዙዎቹ ራሳቸው ከአየርላንድና ከዌልስ የመጡ ናቸው እኮ። ግን እንጀራችንን ሊቀሙን፣ ደመወዛችንን ሊያወርዱብን መጡ ብለው ጠመዷቸው። እ.ኤ.አ. በ1897 አሠሪዎች ዜግነት ለሌለው ሠራተኛ በቀን 3 ሳንቲም ግብር እንዲከፍሉ ሕግ ወጣ፤ ኩባንያዎቹም ገንዘቡን ከሠራተኛው ላይ ቆረጡት። የቆፋሪዎቹ ማኅበር ራሱ ሕጉን ደግፎ ነበር። እኔን እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝ ይሄ ነው።

በዚያው ዓመት ሴፕቴምበር 10፣ በመቶዎች የሚቆጠሩ ፖላንዶች፣ ስሎቫኮችና ሊቱዌንያውያን ባዶ እጃቸውን፣ የአሜሪካን ባንዲራ ከፊት አስቀድመው፣ ሄዝልተን አጠገብ ወዳለችው ላቲመር በሰልፍ ሄዱ። የሸሪፉ፣ ማለት የአካባቢው የሕግ አስከባሪ ሹም፣ ታጣቂዎች ተኮሱባቸው። 19 ሰው ሞተ። ብዙዎቹ የተመቱት ከጀርባ ነው፤ እየሸሹ ነበር ማለት ነው። ሸሪፉና ሰዎቹ በዓመቱ ተከሰው በነጻ ተለቀቁ።

ከዚያ በኋላ ነው አዲሶቹ በሺዎች ወደ ማኅበሩ የገቡት፣ ማኅበሩም የተቀበላቸው። እ.ኤ.አ. በ1902 ከ140 ሺህ በላይ ቆፋሪ፣ ነባሩም መጤውም፣ ለወራት ሥራ አቆመ። ፕሬዚዳንት ቴዎዶር ሩዝቬልት ገብቶበት ጉዳዩ በሽምግልና ታየና 10 በመቶ ጭማሪና አጠር ያለ የሥራ ቀን ተገኘ። ተለያይተው ቢሆን አያገኙትም ነበር።

ያቺው ሄዝልተን እ.ኤ.አ. በ2006 ምን እንዳደረገች ታውቃላችሁ? የመኖሪያ ፈቃድ የሌለውን ስደተኛ የሚቀጥርና ቤት የሚያከራይ የሚቀጣበት ደንብ አወጣች። ደንቡን ፍርድ ቤት ሻረው። የቆፋሪዎቹ የልጅ ልጆች ዛሬም የሚኖሩባት ከተማ ናት እንግዲህ።

እናንተም ነገ ነባር ትሆናላችሁ። አለቃው ጠጋ ብሎ «አዲሶቹ በርካሽ እየሠሩ ገበያችሁን ዘጉባችሁ» ይላችኋል። ርካሹን ዋጋ የቆረጠው ማን እንደሆነ ጠይቁት። አዲስ የመጣ ልጅ ካያችሁ፣ የየትም አገር ሰው ይሁን፣ የመጀመሪያ ደመወዙን ሲቀበል አብራችሁት ቁጭ በሉና የተቆረጠበትን አንድ በአንድ አንብቡለት። የገባበትንና የወጣበትን ሰዓት በየቀኑ በራሱ እጅ ደብተር ላይ ይጻፍ፤ እንዲህ ያለ ደብተር የተበላ ደመወዝ ሲያስመልስ ደጋግሜ አይቻለሁ። ማኅበር በሚፈቀድበት አገር ከሆናችሁ ደግሞ ይዛችሁት ሂዱና አስመዝግቡት።