በቤት ውስጥ ለአማልክት የሚደረግ የየዕለት ሥርዓት፦ ከጎንደር የተሰጠ መልስ

እህታችን ያቀረቡት ጥያቄ ሦስት ነገሮችን የያዘ ነው፤ ከክርስቲያን ወላጅ እናትዎ ጋር በአንድ ጣሪያ ሥር እየኖሩ ለጥንቶቹ አማልክት በየቀኑ ሥርዓት ማድረስ እንዴት እንደሚጀመር፣ ምስል ወይም ሐውልት ያስፈልግ እንደሆነ፣ እንዲሁም ጎረቤት እንደሚለው ነገሩ ከዛር ጋር አንድ መሆን አለመሆኑን ጠይቀዋል። እኔም ጎንደር ተወልጄ ያደግሁ፣ ዛሬም እዚሁ ሆኜ ለአስታርና ለምድር ሥርዓት የማደርስ ሰው በመሆኔ የማውቀውን ሳልቆጥብ እጽፋለሁ።

ከሁሉ አስቀድሞ በእጃችን ያለው ምን እንደሆነ ለይቶ ማወቅ ይገባል። የአክሱምን የጥንት አማልክት ስም የምናገኘው በዋናነት ከድንጋይ ላይ ጽሑፎች ነው። በአራተኛው ምዕተ ዓመት የነገሠው ኢዛና ክርስትናን ከመቀበሉ በፊት ባስቀረጻቸው ጽሑፎች አስታር፣ ብሔርና ምድር አብረው ይጠራሉ፤ ማሕረም ደግሞ የንጉሡ ወላጅ ተብሎ ይወሳል፣ በግሪክኛውም ጽሑፍ የግሪኮች የጦርነት አምላክ በሆነው በአሬስ ስም ቀርቧል። ንጉሡ ስላገኘው ድል የወርቅ፣ የብርና የነሐስ ምስሎችን ለምስጋና እንዳቆመ እዚያው ተጽፏል። ኋላ ላይ ባስቀረጸው ጽሑፍ ግን የሚጠራው የሰማይን ጌታ ነው፤ በሳንቲሞቹም ላይ ክቡና ግማሽ ጨረቃው ቀርቶ መስቀል ተተክቷል። ከዚህ ሁሉ ብዙ መቶ ዓመታት ቀደም ብሎ አልመቃህ ለተባለው አምላክ የተሠራው የየሓ ቤተ መቅደስ ግድግዳው ዛሬም ቆሟል፤ በ2007 እ.ኤ.አ. ደግሞ በውቅሮ አቅራቢያ በመቃብር ጋዕዋ የዚሁ የአልመቃህ ስም የተጻፈበት፣ የሚፈስ መሥዋዕት የሚቀርብበት መሠዊያ ተገኝቷል።

ለየዕለት ሥርዓታችን ከዚህ የምንወስደው ድንጋዩ ራሱ የመሰከረላቸውን ሁለት ተግባራት ነው፤ እነርሱም ፈሳሽ ማፍሰስና ዕጣን ማጨስ ናቸው። አንድ ሰው በቤቱ ጠዋት ጠዋት ያደርሰው የነበረው ጸሎት አልተጻፈልንም። ስለዚህ ተግባሩ የጥንት፣ ቃሉ የዛሬ ነው፤ ይህንንም ለሚጠይቀን ሁሉ በግልጽ መናገር አለብን። ራሳቸው የጻፉትን ጸሎት ከብራና የተገኘ አስመስለው የሚያቀርቡ ሰዎችን አጥብቄ እቃወማለሁ። ከልብ ተጽፎ ከልብ የተነገረ የዛሬ ጸሎት ምንም የሚያሳፍር ነገር የለበትም፤ ዕድሜ ሊጨመርለት አይገባም።

የሰዓቱን አያያዝ የተማርኩት ከግሪኮች ነው። ጥንታዊው የግሪክ ባለቅኔ ሄሲኦድ ከ2,700 ዓመት ገደማ በፊት ለወንድሙ በሰጠው ምክር ሰው ሲተኛም ሲነጋም ለአማልክት እንዲያፈስና እንዲያጥን፣ ባልታጠበ እጅም ንጋት ላይ የወይን ጠጅ እንዳያፈስ ይነግረዋል። በ2017 እ.ኤ.አ. መንግሥታቸው ሃይማኖታቸውን የታወቀ ሃይማኖት ብሎ የተቀበለላቸው የዛሬዎቹ የግሪክ አማልክት አምላኪዎችም ከሥርዓት በፊት መታጠብን አጥብቀው ይይዛሉ። እኔም ከእንቅልፌ ስነሣ ከማንም ጋር ሳልነጋገር እጄንና ፊቴን እታጠባለሁ። በመስኮቴ ደፍ ላይ አንድ ጠፍጣፋ ድንጋይ፣ አንድ የሸክላ ጽዋና አንዲት ትንሽ የዕጣን ማጨሻ አሉ፤ ሌላ ነገር የለም። ምስልን በተመለከተ ለጠየቁት መልሴም ይኸው ነው። የወርቅ ሐውልት የንጉሥ ስጦታ ነበር፤ ከእኛ የሚጠበቀው ንጹሕ ውኃና የተወሰነ ሰዓት ነው።

ዕጣኑ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ብዙ ጀማሪ የሚቸገርበት ነውና። ገና በቀላ ፍም ላይ የተጣለ ዕጣን ወዲያው ተቃጥሎ ጥቁር ጭስ ያወጣል፣ ይከረፋልም። ፍሙ ስስ አመድ እስኪለብስ ከታገሡት ግን ዕጣኑ መጀመሪያ ያብጣል፣ ጫፉ ላይ ጥቃቅን አረፋ ይደፍቃል፣ ከዚያም ነጩ ጭስ ቀስ እያለ ይወጣል። እኔ የአስታርን ስም የምጠራው አረፋውን ሳይ ነው። የሽንብራ ፍሬ የምታህል አንዲት ቅንጣት ትበቃለች። የቅንጣቷን ማነስ የማሳስበው በሌላም ምክንያት ነው፤ በገበያችን ከምናገኘው ዕጣን ብዙው የሚመጣው ከመተማና ከቋራ ቆላ ሲሆን፣ የዕጣኑ ዛፍ ከመጠን በላይ እየተደማ፣ ችግኙም በእሳትና በከብት እየጠፋ ለዛፉ ተተኪ መገኘቱ አሳሳቢ ሆኗል። ለምድር ክብር እያልን ምድር ያበቀለችውን በእፍኝ ማንደድ ለእኔ አይዋጥልኝም።

ጭሱ ሲወጣ የምለው አጭር ነው፦ «አስታር፣ ንጋትን የምትከፍት፣ ይህን ዕጣን ተቀበል። ምድር፣ ሁላችንን የምትሸከሚ፣ ይህን ውኃ ጠጪ።» ከዚያ ስላለፈው ቀን አንድ ነገር ለይቼ አመሰግናለሁ፤ በጅምላ «ስለ ሁሉም» ማለትን አልወድም፣ ትናንት የተደረገልኝን አንድ ነገር መጥራት ልብን ይሰበስባልና። በየቀኑ ልመና አላቀርብም። ጉዳይ ያጋጠመኝ ዕለት እለምናለሁ፣ ያም ቢሆን ከሰጠሁና ካመሰገንኩ በኋላ ነው። ምክሬን በአንድ ቃል ጠቅልል ብትሉኝ፣ መስጠት ከመጠየቅ ይቅደም የሚለውን ብቻ እመርጥ ነበር። ለማሕረም ግን በየቀኑ አላፈስም፤ በጽሑፎቹ የንጉሡና የጦርነቱ አምላክ ሆኖ ስለሚታይ በእኔ ቤት ምን ሥራ እንደሚኖረው አይታየኝም። ይህ የግሌ ፍርድ ነው፤ ሌላው በሌላ መንገድ ሊያየው ይችላል።

አስታርን የሚያጠኑ ሰዎች ከደቡብ ዓረብ አስተር ጋር ያዛምዱታል፣ ከንጋት ኮከብም ጋር ያያይዙታል። እኔም የዓመቱን ሥርዓቴን በዚህ ኮከብ እመራለሁ። ኮከቡ፣ ማለትም ቬነስ፣ ወደ ስምንት ወር ለሚጠጋ ጊዜ ከፀሐይ ቀድሞ በምሥራቅ ይታያል፤ ከፀሐይ ጀርባ ሲያልፍ ለሳምንታት ይሰወርና ማታ ማታ በምዕራብ ይወጣል፤ በፀሐይና በመሬት መካከል ሲያልፍ ደግሞ ለጥቂት ቀናት ብቻ ጠፍቶ ወደ ንጋት ይመለሳል። ሙሉ ዙሩ 584 ቀን ገደማ ይፈጃል። በንጋት ሲታይ ዕጣኑን ጠዋት፣ በምሽት ሲታይ ማታ አጨሳለሁ፤ ሲሰወር ዕጣኑን አቆምና ውኃ ብቻ አፈሳለሁ። በክረምት ደመናው ሰማዩን ቢሸፍነውም ሥርዓቱ አይቀርም፣ ምክንያቱም ኮከቡ ባይታየንም በቦታው አለ።

ወደ ዛሩ ጥያቄ ልምጣ። ጎንደር በዛር ስሟ የታወቀ ነው፤ ፈረንሳዊው ሚሼል ሌሪስ በ1932 እ.ኤ.አ. እዚሁ ከተማ ተቀምጦ የዛር ባለቤቶችን ሥርዓት በዝርዝር መዝግቧል። ስለዚህ ዕጣን ሲጨስ ያየ ጎረቤት ዛር ነው ቢል አይፈረድበትም። ልዩነቱ ግን ሰፊ ነው። ዛር ሰው ላይ ይወርዳል፣ የወረደበትን ሰው ፈረሱ ያደርገዋል፣ በአንደበቱ ይናገራል፣ የሚሻውን ልብስና የዶሮ ቀለም ያዛል፣ ሲጓደልበትም ያሳምማል። እኛ ማንም እንዲወርድብን አንጠራም፣ በሽታንም በዚህ መንገድ አናክምም፤ የታመመ ወደ ሐኪም ይሂድ። ዛር ያለባቸውን ሰዎች መናቅ ደግሞ ነውር ነው። በዚሁ አንጻር የቤተ ክርስቲያኑን ጸናጽል፣ መቋሚያና ዜማ ወደዚህ ማምጣት አይገባም፤ ባለቤት አላቸው። የቅማንት ሕዝብ ነባር እምነት የሆነውን ሕገ ልቦናንም የእኛ ቀዳሚ አድርገው የሚጠቅሱ አሉ፤ እርሱ የአንድ አምላክ እምነት ስለሆነ ለባለቤቶቹ እንተውላቸው።

እናትዎን በተመለከተ፣ ተደብቀው እንዳይጀምሩ አደራ እላለሁ። የእኔ እናት ሥላሴን ሳትሳለም የማትውል ሰው ናት። ስነግራት ለረጅም ጊዜ ዝም ካለች በኋላ «በቤቴ ደም አይፍሰስ፣ ጠንቋይም አይግባ፤ ዕጣንስ ሲጨስ የኖረ ነው» አለችኝ። ቃሏን ጠብቄአለሁ። በጾም ወራት ወተትና ቅቤ አላቀርብም፤ ውኃ፣ ማር ወይም የገብስ ቆሎ ይበቃል። እርስዋም ቡና ሲፈላ ከአቦሉ ጠብ አድርጋ «አድባሯ ትጠብቀን» ትላለች። እኔ ይህን እንደ ማስረጃ አንስቼ «አንቺም እኮ እንደኔ ነሽ» ብያት አላውቅም፣ እርስዎም አይበሉ፤ የእርስዋ ነገር ከእርስዋ ጋር ይቆይ፣ ሰላሙ የሚጠበቀው እንዲያ ነው።

አንድ ቀን ቢያልፍዎ በማግስቱ እጥፍ አያድርጉ፤ የተለመደውን ብቻ ይቀጥሉ። መንገድ ላይ ወይም ሕመም ላይ ከሆኑ እጅን ታጥቦ ስሙን መጥራት ይበቃል። ያፈሰሱት ውኃ በሳሕን ተጠራቅሞ ከሆነ ከመሸ በኋላ ዛፍ ሥር ወይም አትክልት ላይ ያፍስሱት፤ ቆሎው ለወፍ ይሰጥ፤ የማጨሻው አመድም ሰው በማይረግጠው የግቢ ጥግ ይቀበር እንጂ ከቆሻሻ ጋር አይጣል።