አባትሽ «ሄልሜት ማደል» ላሉት ሥራ

ከደሴ የጻፍሽልኝ እህቴ፣

በኬሚካል ምህንድስና ተመርቀሽ ሁለት ሥራ ቀርቦልሻል፤ አንዱ እዚያው ደሴ ባንክ ውስጥ፣ ሌላው ኮምቦልቻ በጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ በሴፍቲ (በሥራ ላይ ደኅንነት) ባለሙያነት። የወንድምሽ የትምህርት ክፍያና እንግሊዝኛሽም እንደሚያሳስቡሽ ጽፈሻል። አባትሽ ደግሞ «ይህን ሁሉ ዓመት የተማርሽው ሄልሜት ለማደል ነው?» ብለዋል። ደብዳቤሽን ሳነብ ያንገበገበኝ ይህ ቃል ነው።

አባትሽ፣ ከነክብራቸው፣ ተሳስተዋል። እኔም ምርት ክፍል ሳለሁ እንደ እርሳቸው ነበር የማስበው። በምሠራበት የቆዳ ፋብሪካ ጸጉር የሚያስለቅቀው ሶዲየም ሰልፋይድና የአሲዱ ፍሳሽ በአንድ ቦይ ይወርዱ ነበር። ሁለቱ ሲገናኙ ሃይድሮጅን ሰልፋይድ የተባለ ጋዝ ይወጣል። መጀመሪያ እንደ ገማ እንቁላል ይሸታል፤ ሲበረታ ግን አፍንጫን ስለሚያደነዝዝ ሰው ሽታው የጠፋ ይመስለዋል። አንድ ባልደረባችን የፍሳሹን ጉድጓድ ሊጠርግ ገብቶ ወደቀ። ሊያወጣው የገባውም ወደቀ። አንደኛው አልተረፈም። ሁለቱም ሄልሜት አድርገው ነበር።

መፍትሔው ፍሳሾቹን በሁለት ቦይ መለየት ነበር፤ ይህን አስቀድሞ የሚያየው ደግሞ አንቺ የተማርሽውን የተማረ ሰው ነው። ጠንቁ ይወገድ እንደሆነ፣ ጉዳቱ ባነሰ ነገር ይተካ እንደሆነ፣ ካልሆነም ከሠራተኛው ይለይ እንደሆነ ይጠይቃል። ጓንትና ጭንብል የሚመጡት ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። ኅዳር 1977 ዓ.ም. በሕንድ ቦፓል ሺዎችን የፈጀው ጋዝ ሲያመልጥ ኬሚካሉ የተከማቸበት ጋን ማቀዝቀዣ ሥራ ካቆመ ወራት አልፈውት ነበር።

ስለዚህ ለቀጣሪዎችሽ ይህን አንሺ፦ «አደጋ ካየሁ ሥራ የማስቆም ሥልጣን አለኝ? ተጠሪነቴስ ለማን ነው?» ለምርት ኃላፊው ነው ካሉሽ ባንኩን ያዢ። በምርት መጠን የሚመዘን ሰው ማሽን እንድታስቆሚ በቀላሉ አይፈቅድልሽም።

የወንድምሽ የትምህርት ክፍያ የአባትሽ ኃላፊነት ነው፤ ሱቅ አላቸው። ማገዝ ትችያለሽ፣ ሙያሽን መሸጥ ግን የለብሽም። እንግሊዝኛሽ አያስፈራሽ፣ በሥራ ይዳብራል። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በአሠሪው ላይ ስለሚጥለው ግዴታ የሚለውን አንብበሽ ሂጂ።

ለቃለ መጠይቁ ወደ ኮምቦልቻ ስትወርጂ የኬሚካል ማከማቻውን እንዲያሳዩሽ ለምኛቸው። አብረው መቀመጥ የሌለባቸው ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይዱና ኮስቲክ ሶዳው ጎን ለጎን ተደርድረው እንደሆነ ተመልከቺ። የዓይን መታጠቢያውንም ቧንቧ ራስሽ ክፈቺውና ውኃ ይወርድ እንደሆነ እዪ።