ስለ ሊትል ዋልተር ሃርሞኒካ ጠይቁ፦ ጥያቄና መልስ

የዛሬው ርዕሳችን በ1950ዎቹ የቺካጎ ብሉዝ ውስጥ ሃርሞኒካን ከአጃቢነት አውጥቶ ፊት ያቆመው ሊትል ዋልተር ነው። ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ ስሙን ሰምቻለሁ እንጂ ሥራውን አላውቀውም። ከየቱ ልጀምር?

ከ«ጁክ»። ሜይ 12 ቀን 1952 ቺካጎ ውስጥ የተቀዳ ነው። ግጥም የለውም፣ የሚናገረው ሃርሞኒካው ብቻ ነው፤ እንዲያም ሆኖ በቢልቦርድ መጽሔት የአር ኤንድ ቢ (የጥቁር አሜሪካውያን ሙዚቃ) ሰንጠረዥ ላይ ስምንት ሳምንት አንደኛ ሆኗል። ከዚያ «ሳድ አወርስ»ን (1952)፣ «ኦፍ ዘ ዎል»ን (1953)፣ «ብሉ ላይት»ን (1954) ስማ። ዘፈን ካማረህ «ማይ ቤብ» (1955) አለልህ። ድርሰቱ የዊሊ ዲክሰን ሲሆን ዜማው የቆመው «ዚስ ትሬይን» በተባለ መንፈሳዊ መዝሙር ላይ ነው። ሁሉንም ካልሰማሁ የሚል ሰው በ2009 የወጣውን የአምስት ሲዲ ስብስብ ይፈልግ። ለጀማሪ ግን ይበዛል፤ አንዱን ቁራጭ ሳያጣጥሙ ወደሚቀጥለው መሮጥ ያመጣል።

ጥያቄ፦ «ጁክ»ን ደጋግሜ ሰማሁት። ደስ ይላል፣ ግን እንዲህ የሚያስወራው ምኑ ነው?

እየቆጠርክ ስማው። አንዱ ዙር 12 ባር ነው፣ እያንዳንዱ ባር አራት ምት አለው። መነሻው ኮርድ (አብረው የሚሰሙ ድምፆች) አራት ባር ይቆያል፤ በስኬሉ አራተኛ ድምፅ ላይ ወደሚቆመው፣ አራተኛው ኮርድ ወደሚባለው ሄዶ ሁለት ባር፣ ተመልሶ ሁለት ባር፤ ከዚያ አምስተኛው አንድ፣ አራተኛው አንድ፣ መዝጊያው ሁለት ባር። ይህ ሲገባህ ዋልተር በየዙሩ ሐሳብ እንደሚቀይር ይታይሃል። በመጀመሪያው ዙር ከታች ወደ ላይ የምትወጣ አጭር ሐረግ እየደጋገመ ጆሮህን ይይዛል። ቀጥሎ አንዴ ረጅም ድምፅ ይዞ ይቆያል፣ አንዴ በኮርድ ይመታል፣ አንዴ ዝም ብሎ ቦታ ይለቃል። ያለውን ሁሉ በአንድ ዙር አያፈስም። የሉዊስ ጆርዳንን ሳክስፎን አብዝቶ ያዳምጥ ስለነበር አተነፋፈሱ የሳክስፎን ተጫዋች ነው።

ለሁለተኛ ጊዜ ስታዳምጥ ዋልተርን ተወውና ጊታሮቹን ተከተል፤ ዋልተር ያኔ በባንዱ ይጫወትለት የነበረው ማዲ ዋተርስና ጂሚ ሮጀርስ ናቸው። ቤዝ የሚባል የለም። ታች የምትሰማው መሬት የጊታር ነው።

ያቺ የመክፈቻ ሐረግ በ1948 ሌላው የሃርሞኒካ ተጫዋች ስኑኪ ፕራየር ከቀዳው ቡጊ ጋር በጣም ትመሳሰላለች፣ «ሰርቋል» የሚሉም አሉ። ሐረጓ የተወረሰች ልትሆን ትችላለች፤ ከእሷ በኋላ የመጣው ግን የማንም አይደለም።

ጥያቄ፦ ይህን ወፍራም ድምፅ የሚያወጣው ልዩ ሃርሞኒካ ነው?

አይደለም፣ በአብዛኛው ተራ ባለ 10 ቀዳዳ ነው። ልዩነቱ ማይኩ ላይ ነው። ርካሽ የክሪስታል ማይክ ከሃርሞኒካው ጋር በሁለት እጁ መሀል አጥብቆ ይይዝና ወደ አምፕሊፋየር ይልከዋል። መዳፎቹ በደንብ ሲዘጉ ቀጭኑ የላይ ድምፅ ይቀነሳል፣ መሀሉ ይወፍራል፣ ማይኩና አምፑ ከአቅማቸው በላይ ስለሚገፉ ድምፁ ይሻክራል። በጣቶች መሀል ትንሽ ክፍተት ካለ ይህ ሁሉ ይጠፋል። ብዙ ሰው ውድ አምፕ ገዝቶ ድምፁ የሚሳሳበት ምክንያት ይኸው ነው፤ መጀመሪያ መታየት ያለበት እጅ ነው። ስቱዲዮም ኤኮ ይጨምርበታል።

ሌላው ምላስ ነው። አፉን በአራት ቀዳዳ ላይ ያሳርፍና ግራዎቹን ሦስት በምላሱ ዘግቶ በቀኙ ዜማ ይጫወታል። ምላሱን ሲያነሳ ኮርዱ «ጧ» ብሎ ይገባል። መሀል ያሉትን ሁለቱን ብቻ ሲዘጋ ደግሞ ኦክታቭ (አንድ ዓይነት ድምፅ በታችና በላይ) ያገኛል፤ ለምሳሌ በሲ በተቃኘ ሃርሞኒካ 1 እና 4 አብረው ሲነፉ ሁለቱም ሲ ናቸው። ወደ ላይ ወጥቶ አየር ወደ ውስጥ ሲስብ ግን ይህ ስፋት አይበቃም። ጥንዶቹ 3 እና 7፣ ወይም 4 እና 8 ስለሆኑ አፉ አምስት ቀዳዳ መያዝ አለበት። «ብሉ ላይት» ላይ ሁሉንም ግማሽ ድምፆች የሚያወጣ ባለ ቁልፍ ሃርሞኒካ፣ ክሮማቲክም ተጠቅሟል፤ ሃርሞኒካ የሚቀያይርባቸውን ቦታዎች ለመለየት ሞክሩ።

ጥያቄ፦ በስልኬ ስሰማው ቀጭንና የሚጮህ ነው።

የስልክ ስፒከር ታችኛውን ድምፅ አያወጣም፤ ዋልተር ደግሞ ብዙውን ሥራ የሚሠራው ከ1 እስከ 6 ባሉት ቀዳዳዎች ነው። በጆሮ ማዳመጫ ስማ። ከሞኖ ወደ ሰው ሠራሽ ስቴሪዮ የተቀየሩ የቆዩ ቅጂዎችንም ሽሽ።

ጥያቄ፦ እኔ ትዝታ ለምዶ ያደገ ጆሮ ነው ያለኝ። ብሉዙ ሦስተኛው ድምፅ ላይ የሳተ ይመስለኛል፤ ልክ ነኝ?

የሰማሽው ልክ ነው፣ ስህተት ግን አይደለም። በትዝታ ሜጀር (ሲ፣ ዲ፣ ኢ፣ ጂ፣ ኤ) ሦስተኛው ድምፅ ቦታውን ይዞ ይቆማል። በብሉዝ ግን በሜጀርና በማይነር መሀል ይንሳፈፋል። በሲ ሃርሞኒካ፣ በጂ ኪ (መነሻ ድምፁ ጂ ሲሆን) ስትጫወቺ፣ ያ ድምፅ 3 ቀዳዳ ስቦ የሚገኘው ቢ ነው፤ ዋልተር ትንሽ ብቻ ጎትቶ ዝቅ ያደርገዋል። ቀዳዳው እስከ ሦስት ሴሚቶን (ግማሽ ድምፅ) ስለሚወርድ ልኩን መያዝ ከባድ ነው። ትዝታ ሜጀርን ራሱን መሞከር ከፈለግሽ በሲ ሃርሞኒካ፦ 4 ንፉ፣ 4 ሳቢ፣ 5 ንፉ፣ 6 ንፉ፣ 6 ሳቢ፣ 7 ንፉ። ምንም ቤንድ (ድምፅን ጎትቶ ዝቅ ማድረግ) አይጠይቅም።

ጥያቄ፦ 2 ቀዳዳን ስስብ ድምፅ የለውም። ሃርሞኒካዬ ተበላሽቷል?

በጣም ሊሆን የሚችለው ያንተ አፍ ነው። ጉሮሮ ሲጠብና ምላስ ወደ ላይ ሲወጣ ያለ ፍላጎትህ ቤንድ ይሆንና ድምፁ ይታፈናል። መንጋጋህን ዘና አድርግ፣ ከሆድህ ቀስ ብለህ ሳብ። ቤንድም የሚመጣው በጉልበት ሳይሆን የአፍን ውስጥ ቅርፅ በመቀየር ነው። በኃይል የሚስብ ሰው በሃርሞኒካው ውስጥ የሚንቀጠቀጡትን የናስ ምላሶች ያደክማል፤ ቶሎ ድምፃቸው የሚወርደውም 4 እና 5 ቀዳዳ ሲሳቡ የሚሰሙት ናቸው።

ጥያቄ፦ ከማዲ ዋተርስ ጋር የሠራውስ?

አጃቢነትን ለመማር ከዚያ የተሻለ የለም። «ሁቺ ኩቺ ማን» (1954) ላይ ባንዱ ሲቆም ከሌሎቹ ጋር ይቆማል፣ ድምፃዊው ሲዘፍን መንገድ አይዘጋም። «ስቲል ኤ ፉል» (1951) ላይ ደግሞ ሃርሞኒካ አትጠብቁ፤ ዋልተር ሁለተኛውን ጊታር ነው የሚመታው። «ጁክ» ዝነኛ ሲሆን ማዲን ትቶ የሃርሞኒካ ተጫዋቹን የጁኒየር ዌልስን ባንድ ኤይስስን ወሰደ፣ ዌልስ በእሱ ቦታ ማዲ ዘንድ ገባ። የኤይስስ ከበሮ መቺ ፍሬድ ቢሎው የጃዝ እጅ ስለነበረው የ1952 እና 1953 ቅጂዎቹ ይበልጥ ይወዛወዛሉ።

ጥያቄ፦ የመጨረሻዎቹስ?

ደካሞች ናቸው። በ1967 ከማዲና ከቦ ዲድሊ ጋር የተቀዳው አልበም ላይ ትንፋሹም ድምፁም ወርዷል። ፌብሩዋሪ 15 ቀን 1968 ከጠብ በኋላ ሞተ፤ 37 ዓመቱ ነበር።

ጥያቄ፦ አብሬው ለመጫወት የትኛውን ኪ ልግዛ?

«ጁክ» ኢ ላይ ስለሆነ ኤ ሃርሞኒካ፣ «ማይ ቤብ» ኤፍ ላይ ስለሆነ ቢ ፍላት። ስሌቱ ከዘፈኑ ኪ አራተኛውን ድምፅ መውሰድ ነው። አንድ ብቻ ከገዛህ ኤውን ያዝ። ቀረጻውን ድምፁ ሳይቀየር ወደ 75 በመቶ ፍጥነት አውርደው፣ አንድ ዙር ብቻ ለይተህ ተለማመድ። የድሮ ቴፕ ፍጥነቱ ስለሚዛነፍ አንዳንዱ ቁራጭ ከሃርሞኒካህ በጥቂቱ ይለያል፤ የሚስተካከለው በማጫወቻው ፕሮግራም ስለሆነ ሃርሞኒካውን አትነካካ።