ለካሮት ፑሬ የድንች ቁጥር አይሆነውም

ጠያቂዬ በጀርመን አገር በአንድ የአረጋውያን መጦሪያ ማእድ ቤት ይሠራሉ። ለመዋጥ ለሚቸገሩ ነዋሪዎች የካሮት ፑሬ (ተቀቅሎ የላመ ካሮት) በምግብ ማተሚያ፣ ማለትም ምግብን በመስመር በመስመር እየደረበ በሚቀርጽ ማሽን፣ እንደገና በካሮት ቅርጽ ያዘጋጃሉ። ኦፕንፎም በተባለው ነጻ ፕሮግራም ፍሰቱን በኮምፒውተር አስመስለው ሲያዩት እንከን የለውም። ሳህኑ ላይ ግን 40 ሚሊሜትር ሊቆም የታሰበው ቅርጽ ግማሹ ላይ ሲደርስ ይናዳል፤ እያንዳንዱ መስመር ሲጀምር ይቋረጣል፣ ሲያልቅ ደግሞ ይቋጠራል። ለፕሮግራሙ የሰጡት ቁጥር ከድንች ፑሬ ሰንጠረዥ የተወሰደ መሆኑን ገልጸው፣ «የትኛውን ማስተካከያ ልቀይር?» ይላሉ።

ፕሮግራሙን ለጊዜው ይዝጉት። ችግሩ ያለው በማስገቢያው ቁጥር ላይ ነው። ድንች በስታርች የተሞላ ነው፤ ካሮት ግን በአብዛኛው ውሃና የተፈጨ ቃጫ ነው። የአንዱ ጠባይ ለሌላው አይሠራም፤ የፈላበት ጊዜና የተፈጨበት ልክ ሲለያይ የካሮቱ የራሱ ጠባይ እንኳ ይለያያል።

ፑሬ እንደ ገንፎ ነው፤ ካልነኩት ቆሞ ይቀራል፣ የተወሰነ ኃይል ሲያርፍበት ብቻ ይንቀሳቀሳል። ይህን ጠባይ ኸርሼልና በልክሊ በ1926 ባወጡት ቀመር እንገልጸዋለን። ቀመሩ ሦስት ቁጥሮች ይፈልጋል፦ ፍሰት የሚጀምርበትን ውጥረት፣ የውፍረቱን መጠን፣ እንዲሁም በፍጥነት ሲገፋ ምን ያህል እንደሚቀጥን የሚያሳየውን ቁጥር። ቅርጹን የሚያቆመው የመጀመሪያው ነው፤ እሱን ለማወቅ ደግሞ ውድ መሣሪያ አያስፈልግም።

ሁለቱም ጫፉ ክፍት የሆነ፣ ቁመቱ 50 ሚሊሜትር የሆነ ሰፊ ቱቦ ሳህን ላይ ያቁሙ። ፑሬውን በሚታተምበት ሙቀት ሞልተው ላዩን ያስተካክሉና ቱቦውን ቀስ ብለው ቀጥታ ወደ ላይ ያንሱ። መሃሉ ስንት ሚሊሜትር እንደሰመጠ ይለኩ። 18 ሚሊሜትር ሰመጠ እንበል። 18ን ለ50 ሲያካፍሉ 0.36፣ ስኩዌር ሩቱ 0.6 ነው። ከ1 ቀንሰው ለሁለት ሲከፍሉት 0.2 ይሆናል። ይህን በፑሬው ጥግግት (1100 ኪሎግራም በሜትር ኩብ ብንል)፣ በ9.81 እና በ0.05 ሜትር ሲያባዙት 108 ፓስካል (የግፊትና የውጥረት መለኪያ) ገደማ ያገኛሉ፤ ፍሰት የሚጀምርበት ውጥረት ይህ ነው።

አሁን ሊቆም የሚችለውን ቁመት ማወቅ ቀላል ነው፤ 108ን በሁለት አባዝተው ለጥግግቱና ለ9.81 ብዜት ያካፍሉ። መልሱ 20 ሚሊሜትር ነው። የእርስዎ ካሮት ግማሽ ሲደርስ የሚናደው በዚህ ዓይነት ምክንያት ነው፤ የትኛውም የኖዝል (ፑሬው የሚወጣበት ጠባብ አፍ) ፍጥነት አያድነውም። 40 ሚሊሜትር እንዲቆም ቢያንስ 216 ፓስካል ያስፈልጋል፤ በዚያ ውፍረት ቱቦው ሲነሳ ፑሬው 2 ሚሊሜትር ብቻ ይሰምጣል። ማእድ ቤት ውስጥ በየቀኑ የምትታየው መለኪያ ይህች ትሁን። ግድግዳው ቀጭን ከሆነ ግን በራሱ ስለሚታጠፍ ከዚያም ጠንከር ያድርጉት።

የቀሩትን ሁለት ቁጥሮች ከራሱ ከማተሚያው ሲሪንጅ ያውጡ። ሲሪንጁን አቁመው ገፊው ላይ የተለያየ ክብደት ይጫኑ፤ በየክብደቱ በአንድ ደቂቃ የወጣውን ፑሬ ይመዝኑ፤ ሁለቱ ቁጥሮች የሚገኙት ግፊቱ ሲጨምር ፍሰቱ ምን ያህል እንደሚጨምር በማነጻጸር ነው። የውስጥ ስፋቱ 30 ሚሊሜትር ለሆነ ሲሪንጅ 2 ኪሎ ተኩል የማይሞላ ክብደት 30 ኪሎፓስካል ገደማ ግፊት ይሰጣል። ባዶውን ሲሪንጅ ለማንቀሳቀስ ብቻ የሚያስፈልገውን ክብደት መቀነስ አይርሱ።

ወደ ፕሮግራሙ ሲመለሱ ብዙዎች የሚስቱት አንድ ነገር አለ። ኦፕንፎም ውስጥ ያለው የኸርሼልና የበልክሊ ሞዴል በተለመደው አሠራር ቁጥሮቹን የሚጠብቀው ለጥግግት ተካፍለው ነው። 108 ብለው ሳይሆን 0.098 ብለው ያስገቡ። የዝልግልግነቱ (ፍሰትን የመቋቋም አቅሙ) ጣሪያ ሆኖ የሚሰጠው ቁጥር ካነሰ ደግሞ መቆም ያለበት ፑሬ ስክሪኑ ላይ ቀስ እያለ ይሳባል፤ በአሥር እጥፍ ከፍ አድርገው ውጤቱ መለወጡን ይመልከቱ።

የሲሙሌሽን (ፍሰትን በኮምፒውተር የማስመሰል) እውነተኛ ጥቅሙ የሲሪንጁን ትከሻ ማሳየቱ ነው፤ ሰፊው አካል በድንገት ወደ ጠባቡ ኖዝል የሚገባበትን ቦታ። ፍጥነቱን በቀለም ሲያሳዩት ጥጉ ላይ ጨርሶ የማይንቀሳቀስ የፑሬ ቀለበት ያያሉ። ያ ፑሬ ለብ ብሎ ሲሪንጁ ውስጥ ይከርማል፣ ሲደርቅ ተገንጥሎ ኖዝሉን ይዘጋል፤ አቅመ ደካሞች በሚመገቡበት ቤት ደግሞ የንጽሕና አደጋ ነው። በእጅ ስሌት ይህን ማየት አይቻልም። ጠፍጣፋውን ትከሻ በሾጣጣ ለውጠው ሁለቱን ያወዳድሩ። ሙሉውን ቅርጽ ማስላት አያስፈልግም፤ ክብ ስለሆነ ቀጭን ቁራጩን ብቻ ቢያሰሉ ተራ ላፕቶፕ ይበቃዋል። ኖዝሉንም ያሳጥሩ፤ ርዝመቱ በግማሽ ሲያጥር በኖዝሉ ውስጥ የሚጠፋው ግፊትም በግማሽ ይቀንሳል።

የመስመሩ መቋረጥና መቋጠር ምንጩ አየር ይመስለኛል። የእርስዎ ሲሙሌሽን ፑሬው ፈጽሞ እንደማይታመቅ ስለሚቆጥር ይህን አያሳይም። 1 ሚሊሊትር አየር በ30 ኪሎፓስካል ሲጫን በሩብ ያህል ይኮማተራል። ኖዝልዎ 1.5 ሚሊሜትር ሆኖ በሰከንድ 20 ሚሊሜትር ቢያትሙ፣ ገፊው ያንን ጉድለት ለመሙላት ብቻ ከ6 ሰከንድ በላይ ይፈጅበታል። መስመሩ ሲያልቅም ያው አየር ተመልሶ እየተለጠጠ ፑሬውን መግፋቱን ይቀጥላል። ሲሪንጁን ከታች ወደ ላይ ይሙሉ፣ አየሩን ያውጡ፤ ከዚያ በኋላ ብቻ ግፊቱ ከእንቅስቃሴው ቀድሞ እንዲጀምርና ቀድሞ እንዲቆም ያስተካክሉ።

ከሁሉ በላይ የማሳስብዎ ስለ ማወፈሪያው ነው። ስታርች ቅርጹን ቢያቆምም ምራቅ ውስጥ ያለው አሚሌዝ የተባለ ስታርች የሚያፈርስ ኢንዛይም አፍ ውስጥ ያቀጥነዋል፤ ዛንታን ሙጫ የተባለው ማወፈሪያ ግን በምራቅ አይፈርስም። ሲበዛ ደግሞ ይጣበቃል፤ የሚጣበቅ ምግብ ለመዋጥ ለሚቸገር ሰው አደገኛ ነው። በኢድሲ (IDDSI፣ ለመዋጥ ለሚቸገሩ ሰዎች የሚቀርብ ምግብና መጠጥ ዓለም አቀፍ ምደባ) ደረጃ 4 ላይ ያለ ፑሬ ማንኪያው ሲዘነበል አንድ ላይ ተላቆ መውደቅ አለበት። ውፍረቱን በቀየሩ ቁጥር ይህን ይፈትኑ፤ ከነዋሪዎቹ የመዋጥ ሐኪም ወይም ቴራፒስት ፈቃድ ሳያገኙም አያቅርቡ። ለፈተናው የሚወስዱት ከማተሚያው የወጣውንና ሳህን ላይ የቆየውን ይሁን፤ ከመፍጫው የወጣው ሌላ ጠባይ አለው።