መልስ፦ የድሮው ላፕቶፕ ይሸጥ ወይስ ይታደስ?

አብሽር ወንድሜ፣ አትሽጠው። ፕሮሰሰሩ ኮር አይ 5 ሦስተኛ ትውልድ፣ 4 ጊጋ ራም (ሥራ ላይ ያለውን ለጊዜው የሚይዝ ሜሞሪ)፣ 500 ጊጋ ሃርድ ዲስክ ነው፣ ሲከፈትም ይዘገያል ብለሃል። እስኪከፈት የሚያስጠብቅህ ፕሮሰሰሩ ሳይሆን ሃርድ ዲስኩ ነው፤ የሚሽከረከር ስለሆነ ትንንሽ ፋይሎችን ከየቦታው ለቅሞ እስኪያነብ ይንቀራፈፋል።

መጀመሪያ ባለ 2.5 ኢንች ሳታ ኤስኤስዲ (የሚሽከረከር ነገር የሌለው፣ በሃርድ ዲስኩ ቦታ የሚገባ ፈጣን ዲስክ) ግዛ፤ ለቢሮ ሥራ 240 ጊጋ ይበቃል። ደሴ ፒያሳ ስትጠይቅ ኤም ዶት ቱ የሚባለውን ቀጭን የኤስኤስዲ ካርድ ቢሰጡህ አትቀበል፣ የዚያ ዘመን ላፕቶፕ አብዛኛው መግቢያ የለውም። አሮጌውን ዲስክ በዩኤስቢ ኬዝ (በዩኤስቢ የሚሰካ የዲስክ ሳጥን) አድርገህ ፋይል ማስቀመጫ አድርገው።

ራሙ ላይ ዲዲአር3ኤል የሚባለው ዓይነት 1.35 ቮልት፣ የላፕቶፕ መሆኑን አይተህ፣ አንድ ባለ 4 ጊጋ ጨምር። ከመክፈትህ በፊት ቻርጀሩንም ባትሪውንም ንቀል። ስታበራው ስክሪኑ ጥቁር ከሆነ አትደንግጥ፤ ብዙ ጊዜ ራሙ በደንብ አልተቀመጠም ማለት ነው። አውጥተህ ወርቃማ ጥርሶቹን በላጲስ ጥረግ፣ አጋድመህ አስገባና የጎኖቹ መያዣዎች ቀጭ እስኪሉ ተጫነው።

ኮምቦልቻ ይዘኸው የምትወርድ ከሆነ ሙቀቱ ከደሴ ይለያል፤ የፋኑን አቧራ አስነፋ፣ ግን ፋኑ እንዳይሽከረከር በጣት ተይዞ። ቴርማል ፔስቱም (ፕሮሰሰሩ ላይ የሚቀባው ሙቀት አስተላላፊ ቅባት) የስንዴ ፍሬ የምታክል ትበቃዋለች።

ዊንዶውስ 10 ድጋፉ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አብቅቷል፣ 11 ደግሞ ይህን ፕሮሰሰር በይፋ አይቀበልም። ሊኑክስ ሚንት የሚባለውን፣ በዊንዶውስ ፈንታ የሚሠራ ነፃ ሲስተም ጫንበት። ሥራህ በድሮው ፓወር ግዕዝ (የአማርኛ መጻፊያ ፕሮግራም) የተጻፈ ደብዳቤ ከሆነ ግን መጀመሪያ ፋይሎቹን ወደ ዩኒኮድ (የዛሬ ኮምፒውተሮች ሁሉ ወደሚያነቡት የፊደል አሠራር) ቀይር፣ አለዚያ የማይነበብ ዝብርቅርቅ ሆነው ይከፈቱልሃል።