የውኃው ጠረጴዛ ባዶ ሲሆን፦ በሙቀት ስለመሮጥ ጥያቄና መልስ

ባለፈው እሑድ ብዙዎቻችሁ በሙቀት የሮጣችሁትን የከተማ ማራቶንና ከአጋማሹ በኋላ ውኃ ያለቀባቸውን ጠረጴዛዎች በተመለከተ ብዙ ሰው ስለጻፈልኝ፣ ዛሬ ማታ የቻልኩትን ያህል እመልሳለሁ። ነርስ ነኝ፤ በአሜሪካ በተለያዩ ውድድሮች የሕክምና ድንኳን ውስጥ ለ14 ዓመታት በበጎ ፈቃድ አገልግያለሁ። ራሴም ዘጠኝ ማራቶን ሮጫለሁ፤ ፈጣን ግን ሆኜ አላውቅም። የውድድሩን ስም እንዳታነሡ እለምናለሁ፤ ጉዳዩ ከአንድ አዘጋጅ የሰፋ ነው። ከመጠየቃችሁ በፊት ከላይ የተመለሰውን አንብቡ።

ጥያቄ፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ፦ ሲስተር፣ ማራቶን በአራት ሰዓት ከአርባ ደቂቃ ገደማ የምጨርስ ሯጭ ነኝ። ከ24ኛው ኪሎ ሜትር ጀምሮ ሦስት ጠረጴዛዎች በተከታታይ ባዶ ሆነው ስላገኘኋቸው፣ መሬት ላይ የወደቁ ኩባያዎችን እያነሣሁ የቀረ ጠብታ እፈልግ ነበር። አዘጋጆቹ በማግሥቱ በላኩልን መልእክት ግን ለሁሉም የሚበቃ ውኃ እንደነበረ ጽፈዋል። ማንን እንመን?

መልስ፦ ሁለታችሁም እውነት ተናግራችሁ ይሆናል። ውኃ በከተማው ውስጥ መኖሩና በእጅዎ መግባቱ የተለያዩ ነገሮች ናቸውና። እስቲ አብረን እናስላው። 10,000 ሯጭ ያለበት ውድድር ነው እንበል። አዘጋጁ ለአንድ ሯጭ በየጠረጴዛው 150 ሚሊ ሊትር የሚይዝ አንድ ኩባያ ቢያስብ፣ ለአንድ ጠረጴዛ 1,500 ሊትር ይበቃዋል፤ በቀዝቃዛ ቀንም ይህ ስሌት ብዙ አያሳፍረውም። በሙቀት ቀን ግን ሯጩ አንዱን ኩባያ ይጠጣል፣ ሁለተኛውን ይደግማል፣ ሦስተኛውን ራሱ ላይ ያፈሳል፤ ማድረግም ይገባዋል። እንግዲህ በአንድ ኩባያ ስሌት የተቀመጠው ውኃ ከሯጮቹ ሲሶው እንዳለፈ ያልቃል፤ ወደ ኋላ ለቀሩት ሁለት ሲሶዎች የሚተርፋቸው የረጠበ አስፋልትና የተረገጠ ኩባያ ነው።

ውኃው በርሜል ሙሉ ቢሆን እንኳ እጅ ያንሳል። እነዚያ 10,000 ሯጮች በ100 ደቂቃ ውስጥ ቢያልፉ በየደቂቃው 100 ሰው፣ ማለትም 300 ኩባያ ነው። አንድ በጎ ፈቃደኛ በደቂቃ አሥር ኩባያ ሞልቶ ቢያቀብል፣ እስትንፋስ ሳይወስዱ የሚሠሩ 30 ሰዎች ያስፈልጋሉ፤ እኔ በብዙ ቦታ ያየሁት ግን አሥራ ሁለት ተማሪዎችንና አንድ የተጨነቀ አስተባባሪን ነው። ተጨማሪውን ውኃ የጫነው መኪና ደግሞ መንገዱ ለሯጮች ስለተዘጋ ከሁለት ጎዳና ማዶ ቆሞ ይቀራል። ለማንኛውም ወደፊት በአንድ ቦታ ከተደረደሩት ጠረጴዛዎች የመጀመሪያውን እለፉትና ወደ መጨረሻው ሂዱ፤ ሰው ሁሉ የሚጋፋው መጀመሪያ ባገኘው ላይ ነው።

በዓለም አትሌቲክስ ደንብ ከ10 ኪሎ ሜትር በላይ በሆነ የጎዳና ውድድር በየ5 ኪሎ ሜትሩ ገደማ መጠጥ፣ በመካከላቸውም ውኃ መኖር አለበት። ደንቡ የጠረጴዛውን ርቀት ይናገራል፤ በአራተኛው ሰዓት ላይ ጠረጴዛው ላይ ምን እንደሚገኝ ግን ማስላት ያለበት አዘጋጁ ነው።

ጥያቄ፣ ከአትላንታ፦ ለሙቀት የሚሆን ጫማ የትኛው ነው?

መልስ፦ የሚመችዎ።

ጥያቄ፣ ከሐዋሳ፦ ሲስተር፣ በማራቶን ስንት ሊትር ውኃ መጠጣት አለብኝ?

መልስ፦ ክብደትዎን፣ ፍጥነትዎንና የሚሮጡበትን ሰዓት ሳይነግሩኝ የምሰጥዎ ቁጥር ግምት ብቻ ይሆናል። ስለዚህ ራስዎ ይለኩ። ውድድሩን በሚመስል ሙቀት አንድ ሰዓት ይሩጡ፤ ከመሮጥዎ በፊትና በኋላ ያለ ልብስ ይመዘኑ። 62 ኪሎ የነበረው 61.1 ቢሆንና በመካከሉ 300 ሚሊ ሊትር ጠጥተው ከነበረ፣ በሰዓት 1.2 ሊትር ገደማ አልቦዎታል ማለት ነው። ይህን ሁሉ መልሰው ለመጠጣት ግን አይሞክሩ፤ ከዚህ ባነሰ መጠን ጥምዎን ተከትለው ይጠጡ።

ማስጠንቀቂያው እነሆ፣ ደግሜም እለዋለሁ። ስትጨርሱ ክብደታችሁ ከተነሣችሁበት ከበለጠ፣ ከመጠን በላይ ጠጥታችኋል። እ.ኤ.አ. በ2002 የቦስተን ማራቶን ደማቸው ከተመረመረ 488 ሯጮች 13 በመቶው የደማቸው ሶዲየም፣ ማለትም ጨው፣ ከጤናማው መጠን ወርዶ ተገኝቷል። ለዚህ ይበልጥ የተጋለጡት እየሮጡ ክብደት የጨመሩትና ከአራት ሰዓት በላይ የቆዩት ናቸው። ሐኪሞች ሃይፖናትሪሚያ ይሉታል፤ አንጎል ያብጣል፣ ሰውም ይሞትበታል። ያለፈው እሑድ አስፈሪነት እዚህ ላይ ነው፤ ሦስት ባዶ ጠረጴዛ ያለፈ ሰው አራተኛው ላይ ሲደርስ አንድ ሊትር ተኩል ባንድ ትንፋሽ ይጨልጣል።

አስተያየት፣ ከዴንቨር፦ ይቅርታ ይደረግልኝና እኛ ኢትዮጵያውያን ይህን ያህል ውኃ አያስፈልገንም፤ ሙቀት የለመደ ሕዝብ ነን። በ2007 ቺካጎ በዚያ ሁሉ ሙቀት ያሸነፈችው ብርሃኔ አደሬ አይደለችምን?

አስተያየት፣ ከድሬዳዋ፦ ወንድሜ፣ አብዛኞቹ ሯጮቻችን የሚሠለጥኑት እንጦጦ፣ ሱሉልታና በቆጂ ላይ ነው፤ ጠዋት ጃኬት ለብሰው ነው የሚወጡት። ከፍታ መልመድና ሙቀት መልመድ አንድ ነው ያለህ ማን ነው? ሙቀት የለመደውን ከፈለግህ ወደ እኛ ከተማ ና።

አስተያየት፣ ከዴንቨር፦ ታዲያ በዓለም ሻምፒዮና ዶሃ ላይ ማራቶኑን ያሸነፈው ሌሊሳ ዴሲሳ ከድሬዳዋ ነበርን?

መልስ፦ ሁለታችሁም ዕረፉ፤ የድሬዳዋው ግን ትክክል ነው። ቺካጎን ካነሣችሁ ሙሉውን እንየው። ቀኑ እ.ኤ.አ. ጥቅምት 7 ቀን 2007 ሲሆን፣ ሙቀቱ 31 ዲግሪ ደርሶ ነበር። ከ45,000 ገደማ ተመዝጋቢዎች ወደ 36,000 የሚጠጉት ተነሡ፣ ማራቶኑን የጨረሱት ግን 25,000 ያህል ብቻ ናቸው። ከተጀመረ ሦስት ሰዓት ተኩል ገደማ በኋላ አዘጋጆቹ ውድድሩን አቆሙት። የእሳት አደጋ ሠራተኞች የጎዳና ቧንቧዎችን ከፍተው ሯጮችን አረጠቡ፤ ብዙዎች ከሱቅ ውኃ ገዝተው ጠጡ። ያኔም አዘጋጆቹ ውኃው በቂ ነበር አሉ፣ ሯጮቹ ደግሞ ጠረጴዛው ባዶ ነበር አሉ።

ብርሃኔ በ2:33:49 አሸንፋለች፤ በመጨረሻዎቹ ሜትሮች ላይ ድሉን እንዳረጋገጠች አስባ ሕዝቡን ሰላም ስትል የነበረችውን ሮማንያዊቷን አድሪያና ፒርቴያን በሦስት ሰከንድ ቀድማት ገባች። ድንቅ ነው፤ ነገር ግን ይህችው ብርሃኔ ከዓመት በፊት እዚያው ቺካጎ ያሸነፈችው በ2:20:42 ነበር። ሙቀቱ ከዓለም ምርጥ ሯጮች አንዷ ላይ 13 ደቂቃ ጨምሯል። እርሷ ስትጨርስ መንገዱን እንኳ ያላጋመሱ ነበሩ፤ የቀኑን ከባድ ሙቀት የተሸከሙት እነርሱ ናቸው። ዶሃም በ2019 የሴቶቹ ማራቶን እኩለ ሌሊት ላይ ተጀምሮ፣ ከ68 ሯጮች 28ቱ አቋርጠዋል፤ ሦስቱም ኢትዮጵያውያት ከእነርሱ መካከል ናቸው። ስለዚህ “የለመደ ሕዝብ” የሚለውን ተዉት።

ጥያቄ፣ ከሐይፋ፦ አባቶቻችን ውኃ ሳይጠጡ ይሮጡ አልነበረምን? አበበ ቢቂላ ጠረጴዛ ቆጥሮ ነው ሮምን ያሸነፈው?

መልስ፦ የ1960 የሮም ማራቶን ሙቀቱን ለመሸሽ ሲባል ወደ ማታ ተነሥቶ፣ አበበ የጨረሰው በጨለማ፣ በችቦ ብርሃን ነው። አዘጋጆቹ አስበውበት ነበር ማለት ነው። ያላሰቡበትን፣ እንዲያውም ሆን ብለው ያደረጉትን ከፈለጉ የ1904ቱን የሴንት ሉዊስ ኦሎምፒክ ይመልከቱ፤ ከቀትር በኋላ፣ በአቧራማ መንገድ፣ በ32 ዲግሪ ሙቀት የውኃ ጥም በሰው ላይ የሚያደርገውን ለማየት ሲባል ውኃ ተነፍጎ ነበር። ከ32 ተወዳዳሪዎች የጨረሱት 14 ናቸው።

ጥያቄ፣ ከአዲስ አበባ፦ ሲስተር፣ ስንት ሊትር ልጠጣ?

መልስ፦ ለሐዋሳው የመለስኩትን ያንብቡ። ቁጥር አልሰጥም።

ጥያቄ፣ ከአዲስ አበባ፣ ሌላ ጠያቂ፦ በጾም ወቅት እስከ ስድስት ሰዓት ሳልቀምስ መሮጥ እችላለሁን?

መልስ፦ ሰውነትዎን ከጠየቁኝ በሙቀት ቀን አይቻልም። ጾሙን በተመለከተ የንስሐ አባትዎን ይጠይቁ።

አስተያየት፣ ከሲያትል፦ እኔ በሶ በጥብጬ ጨው ጨምሬ ይዤ እሮጣለሁ፤ ጠረጴዛ አልጠብቅም። ስኳር ውኃ በከረጢት የሚሸጡትን ሁሉ ያስንቃል።

አስተያየት፣ ከዱባይ፦ በሶ በሙቀት ሆድ ላይ ይከብዳል፤ 30ኛው ኪሎ ሜትር ላይ አስመልሶኛል።

መልስ፦ በልምምድ ያልሞከራችሁትን በውድድር ቀን አትሞክሩ። ሌላው የሆድ ጉዳይ ነው። ጨዉ ግን ከመጠን በላይ የጠጣን ሰው አያድነውም። በዚሁ አጋጣሚ በሙቀት ቀን የሕመም ማስታገሻውን አይቡፕሮፌን ውጣችሁ አትሩጡ፤ ኩላሊታችሁ በቂ ፈተና አለበት።

ጥያቄ፣ ከሚኒያፖሊስ፦ ጓደኛዬ 38ኛው ኪሎ ሜትር ላይ መንገዳገድ ጀመረ። ስሙን ስንጠይቀው የማይገናኝ መልስ ሰጠን፤ ሊደግፈው የቀረበውን ፖሊስም ገፈተረው። ላቡ ግን ይፈስ ስለነበር ሙቀት ነው ብለን አላሰብንም። ጥላ ሥር አስቀምጠን ውኃ እያጠጣነው አምቡላንስ ሃያ አምስት ደቂቃ ጠበቅን። አሁን ከሆስፒታል ወጥቷል። ምን አጥፍተናል?

መልስ፦ እንኳን በሕይወት ወጣላችሁ። ይህን ጥያቄ ሌሎቹን ሁሉ ትታችሁ አንብቡት።

በሙቀት የተዳከመ ሰው አእምሮው ንጹሕ ነው፤ ይደክመዋል፣ ያቅለሸልሸዋል፣ ስሙን ግን ያውቃል። ስሙን የሳተ፣ የሚቆጣ፣ የሚጋፋ፣ የሚንገዳገድ ሯጭ የውስጥ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ አልፎ የሙቀት ምት ይዞታል ብላችሁ ተነሡ። የሙቀት ምት የያዘው ሰው ቆዳው ደረቅ ነው የሚለው እምነት ብዙ ሰው አሳስቷል፤ ሲሮጥ የወደቀ ሰው ላብ እያጠመቀው የሙቀት ምት ሊኖረው ይችላል። በግንባርና በጆሮ የሚለካው ሙቀት ደግሞ ያታልላል፤ ሜዳ ላይ የሚታመነው በፊንጢጣ የሚለካው ነው። የአገራችን ሰው በዚህ ሲያፍር ብዙ ጊዜ አይቻለሁ፤ አፍሮ ቢኖር ይሻለኛል።

ጉዳቱን የሚወስነው ሰውነቱ በዚያ ሙቀት የቆየበት ጊዜ ነው። ስለዚህ አስቀድሞ ማቀዝቀዝ፣ ማጓጓዝ በኋላ። አምቡላንስ ይጠራ፤ እስኪመጣ ግን እጅ አጣጥፎ አይጠበቅም። ከሁሉ የሚሻለው በረዶና ውኃ በሞላው ገንዳ እስከ አንገቱ መንከር ሲሆን፣ ዓላማው በ30 ደቂቃ ውስጥ ሙቀቱን ከ39 ዲግሪ በታች ማውረድ ነው። በነሐሴ ሙቀት በሚካሄደው የማሳቹሴትሱ የፋልማውዝ ሩጫ በ18 ዓመታት ውስጥ 274 ሰዎች በሙቀት ምት ወድቀው፣ በቦታው በበረዶ ውኃ ስለተነከሩ አንድም አልሞተም። ገንዳ ከሌለ ፎጣም ይሁን የተመልካች እናቶች ነጠላ በበረዶ ውኃ እየነከራችሁ መላ ሰውነቱን ሸፍኑት፤ ቶሎ ይሞቃልና በየደቂቃው ቀይሩት፣ አራግቡለትም። አእምሮውን ለሳተ ሰው በአፉ ውኃ አትስጡ፤ ትን ይለዋል።

እኔ ራሴ ከብዙ ዓመት በፊት በአንድ ሞቃት ከተማ፣ 27ኛው ኪሎ ሜትር ላይ ባዶ ጠረጴዛ አጠገብ ተቀምጬ ከበጎ ፈቃደኞቹ ጋር በአማርኛ ስጨቃጨቅ ነበር አሉ። አላስታውሰውም። አንድ ባለ ሱቅ ሁለት ከረጢት በረዶ ብብቴና አንገቴ ሥር ስለጨመረልኝ ነው ዛሬ የምመልስላችሁ።

ጥያቄ፣ ከዱባይ፦ ከአዲስ አበባ የሚመጣ እኅቴን ለሙቀት እንዴት ላዘጋጃት?

መልስ፦ ከ10 እስከ 14 ቀን ቀድማ ትምጣ፤ በየቀኑ አንድ ሰዓት ያህል ቀስ ብላ በሙቀቱ ትሩጥ። ስልኳ ላይ ያለውን ዲግሪ ብቻ አትመን፤ እርጥበት ሲበዛ ላብ አይተንም፣ ያልተነነ ላብም አያቀዘቅዝም። የውድድሩ ቀን ከከበደ ያቀደችውን ሰዓት ቤቷ ትታው ትውጣ።

ጥያቄ፣ ከአትላንታ፦ የመመዝገቢያ ገንዘባችን ይመለሳልን?

መልስ፦ የፈረሙትን ወረቀት ያንብቡ።

ጥያቄ፣ ከሚኒያፖሊስ፦ ሲስተር፣ ስለ ጓደኛዬ አንድ ልጨምር። ከአምስት ሳምንት በኋላ ለሌላ ውድድር ተመዝግቧል፤ ደኅና ነኝ ይላል።

መልስ፦ ደኅና ነኝ ማለቱ አይበቃም፤ ሲገፈትር የነበረ ጊዜም ደኅና ነኝ ይል እንደነበር አልጠራጠርም። ቢያንስ አንድ ሳምንት ምንም ስፖርት አይሥራ፤ ከዚያም የኩላሊት፣ የጉበትና የጡንቻ ደም ምርመራው ተደግሞ ሐኪሙ ያየው። ውጤቱ ጤናማ ከሆነ በቀዝቃዛ ሰዓት ጀምሮ ቀስ በቀስ ወደ ሙቀቱ ይመለስ። የአምስት ሳምንቱን ማራቶን ይሰርዝ። ካልሰማችሁ ስልኬን ስጡትና ይደውልልኝ። ነገ የሌሊት ተረኛ ስለሆንኩ የቀሩትን ጥያቄዎች ከነገ ወዲያ እመልሳለሁ፤ ስለ ጫማ የሆኑትንና ስንት ሊትር የሚሉትን ሳይጨምር።