አራስን ስለ መኝታ ጉዳይ እንዴት እንጠይቅ? (መልስ)

እህቴ፣ «የደጀን ገጠር እናቶችን ከወሊድ በኋላ ግንኙነት መቼ ጀመራችሁ ስላቸው አንገታቸውን ይደፋሉ» ላልሽው፦ ጊዜውን ከክርስትናው ጋር አያይዢው። ወንድ በ40፣ ሴት በ80 ቀን ይጠመቃሉ፤ ይህን የምትረሳ እናት የለችም። «ከክርስትናው በፊት ነው በኋላ?» ስትያት ይቀላታል።

አማቷ እዚያው ቡና እየቆላች ግን በፍጹም እንዳትጠይቂ! ብቻዋን የምትሆንበትን ሰዓት ጠብቂ። ጠያቂዋም ከሌላ ቀበሌ የመጣች ሴት ትሁን። የጤና ኤክስቴንሽኗ ጎረቤቷ ስለሆነች፣ እናቲቱ ወሬው ይዞራል ብላ ትፈራለች።

«ፈልገሽ ነው ወይስ ባልሽ ስለፈለገ?» የሚለውን አትዝለይው። ለእኔ ዋናው ጥያቄ እሱ ነው።

ሽንት ያመልጠኛል ካለችሽ ደግሞ የመጠይቅ ወረቀትሽን ሞልተሽ ብቻ አትነሺ። ፊስቱላ (በአስቸጋሪ ምጥ የሚመጣ፣ ሽንት የሚያስመልጥ ቀዳዳ) ሊሆን ይችላል፤ ባሕር ዳር ያለው የሐምሊን ፊስቱላ ማዕከል በነጻ ያክማል፤ በጤና ጣቢያው በኩል አስልኪያት።